ከሩቅ የሚታዘዘው የወተት ዘረመል

ከአርብቶ አደር ወገን የሆኑ ሶማሌዎችና አፋሮች በሚኖሩበት የጅቡቲ ከተማ ባልባላ፣ ጎልማሳ ሰው የግመል ወተት ጠጥቶ ሆዱን ሳያመው የሚውልበት አንዱ ምክንያት፣ የወተትን ስኳር የሚፈጨው ላክቴዝ የተባለ ኢንዛይም ከልጅነት በኋላም በትንሹ አንጀት መመረቱን መቀጠሉ ነው። ይበልጥ የሚደነቀው ግን ትእዛዙ የሚወጣበት ስፍራ ነው፤ የላክቴዝ ዘረመል መቼና የት እንደሚሠራ የሚወስነው የዲኤንኤ ቁራጭ፣ ማለትም ማብሪያው፣ 14,000 ፊደላት ያህል ርቆ፣ ያውም ኤምሲኤም 6 በተባለ ጎረቤት ዘረመል ውስጥ ተቀምጧል። 2 ሜትር የሚጠጋው ዲኤንኤ በጠባቡ የሕዋስ አስኳል ውስጥ ተጣጥፎ ስለሚኖር፣ የተራራቁት ሁለቱ ጎን ለጎን ሊገናኙ ይችላሉ። በአብዛኛው የሰው ልጅ ዘንድ ዘረመሉ ጡት ከተጣለ በኋላ እየደከመ ይሄዳል፤ በአፋሮችና በሶማሌዎች ዘንድ ከተገኙት ለውጦች አንዱ ግን በማብሪያው ውስጥ 13907 በተባለው ስፍራ አንዲት ፊደል ብቻ ለውጦ ምርቱን እስከ ጉልምስና ያዘልቀዋል።