ፎርማሊን ውስጥ ከመግባቱ በፊት

አንዲት የ20 ዓመት ልጅ ሐርጌሳ፣ አሕመድ ዳጋህ ከሚባለው ሰፈር ሆዷ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አብጦ መጣች እንበል። አልትራሳውንዱ በሁለቱም ኦቫሪዎቿ ላይ ድፍን እጢ ያሳያል። የሁሉም ሐሳብ የሚሄደው ወደ ተለመደው የኦቫሪ ካንሰር ነው፤ ዕቅዱም ኦቫሪዎቹን ከነማህፀኑ ማውጣት ይሆናል። እኔ ፓቶሎጂስት ነኝና የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ አስቀድማችሁ ትንሽ ናሙና ስጡኝ።

ሊምፎማ ከኦቫሪ መነሳቱ ብርቅ ነው። ሆኖም የቀዶ ጥገና ሐኪሙ ዴኒስ በርኪት እ.ኤ.አ. በ1958 ከካምፓላ በሕፃናት መንጋጋ ላይ የገለጸው፣ በስሙም የሚጠራው የሊምፎማ ዓይነት፣ በልጃገረዶችና በወጣት ሴቶች ላይ ሲከሰት ሁለቱንም ኦቫሪ አንድ ላይ ሊይዝ ይችላል። መድኃኒቱ ደግሞ ኬሞቴራፒ እንጂ ቀዶ ጥገና አይደለም። አዋላጇ ኤድና አደን እ.ኤ.አ. በ2002 ለእናቶች ብለው ሆስፒታል በከፈቱባት ከተማ፣ ሊተርፍ የሚችል ማህፀን ሲወጣ ማየት ያንገበግበኛል።

ናሙናው ትኩስ ሳለ የተቆረጠውን ፊት በጋዝ ጨርቅ አድርቄ ስላይዱን ቀስ ብዬ አስነካዋለሁ። አልጎትተውም፤ የሊምፎማ ሴል ስስ ስለሆነ ይፈረካከሳል። በአየር ደርቆ በጊምሳ ሲቀለም፣ በርኪት ከሆነ መጠናቸው ተቀራራቢ የሆኑ ሴሎች ይታያሉ፤ ሳይቶፕላዝማቸው ደማቅ ሰማያዊ፣ በውስጡም ነጫጭ የስብ ጉድጓዶች። ቀሪው ሥጋ ከዚያ በኋላ ፎርማሊን ውስጥ ይገባል።

ይህች ስላይድ ብቻዋን አትፈርድም። ዲስጀርሚኖማ የሚባለው የኦቫሪ ካንሰርም በዚሁ ዕድሜ ይመጣል፣ እሱም እንደ ሊምፎማ በደም ውስጥ ኤልዲኤች የሚባለውን ኢንዛይም ከፍ ያደርጋል። የሚለያቸው የሊምፎማ ሴሎችን ምልክት የሚፈልገው እንደ ሲዲ20 ያለ ምርመራ ነው። ምርመራው በአቅራቢያ ከሌለና ናሙናው በቶጎ ውጫሌ አድርጎ ወደ ጅግጅጋና አዲስ አበባ መሻገር ካለበት ግን ቀናት ይሄዳሉ፤ በርኪት ደግሞ በአንድ ሁለት ቀን እጥፍ የሚያድግ እጢ ነው። ስለዚህ ስላይዱ ካስጠረጠረኝ ውጤቱን አልጠብቅም፤ ለሐኪሟ ደውዬ ቀዶ ጥገናው ይቆይ፣ ዩሪክ አሲድና ኩላሊቷ ይታዩ፣ የኤችአይቪ ምርመራም ይሠራላት እላለሁ። ኬሞው ሲጀመር የሚሞተው ሴል ብዛት ኩላሊትን ሊያቆም ስለሚችል ፈሳሽና አሎፑሪኖል መቅደም አለባቸው።

የመጠየቂያው ቅጽ ላይ «የኦቫሪ እጢ» ብቻ ተጽፎ ሲመጣ አዝናለሁ። ዕድሜዋን፣ በስንት ሳምንት እንዳበጠ፣ አንድ ጎን ይሁን ሁለቱም፣ አንገቷና ብብቷ ላይ ንፍፊት እንዳለ ጻፉልኝ፤ ሲዲ20ን ማስቀደም እንዳለብኝ የማውቀው ከዚያ ነው።