ስለ ዝላይ ጠረጴዛው

በእስራኤል፣ ከአሽቀሎኗ ባርኔአ ሰፈር እስከ ሰሜን ድንበር ድረስ፣ ጅምናስቲክ ሲነሳ የሚጠራው ስም አርቴም ዶልጎፕያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በቶኪዮ ኦሎምፒክ ከስፔኑ ራይደርሌይ ዛፓታ ጋር እኩል 14.933 ነጥብ አምጥተው፣ ዶልጎፕያት ከበድ ያለ ፕሮግራም ስለሠራ የወለሉን ወርቅ ወሰደ። ይገባዋል። የእኔ ልብ ግን ዝላይ ጠረጴዛው ጋ ነው።

ሌሎቹ መሣሪያዎች ጊዜ ይሰጣሉ። 10 ሴንቲ ሜትር በሚሰፋው የሚዛን እንጨት ላይ ስፖርተኛዋ እስከ 90 ሴኮንድ ትቆያለች፤ ቀለበቱም የክንድን ጽናት ቀስ ብሎ ይፈትናል። ጠረጴዛው ትዕግሥት የለውም፦ ቢበዛ 25 ሜትር ሩጫ፣ አንድ ርግጫ፣ አንድ የመዳፍ ግፊት፣ ከዚያ አየር። በባርኔአ ባሕር ዳር ሮጦ የሚገለበጥ ልጅ እንደሚያውቀው አሸዋ ጉልበትን ይውጣል። ስፕሪንግ ያለው መፈናጠሪያ ሰሌዳ ግን ይመልሳል፤ ወደ ፊት የመጣው ፍጥነት ወደ ላይ መነሣትና መሽከርከር ይሆናል።

ልኬቱስ? በ2000 በሲድኒ ኦሎምፒክ የሴቶቹ የዝላይ መሣሪያ 125 ሴንቲ ሜትር መሆን ሲገባው 120 ላይ ተተከለ። አምስት ሴንቲ ሜትር ብቻ! ሩሲያዊቷ ስቬትላና ኾርኪና ሳትቀር ወደቀች። ስህተቱን ያስተዋለችው አውስትራሊያዊቷ አላና ስሌተር ነበረች።

በ2001 ጠባቡ የዝላይ «ፈረስ» ሰፋ ባለ ጠረጴዛ ተተካ። የፈረሱ ስም ያምር ነበር፤ ለመዳፍና ለአንገት ግን ጠረጴዛው ይሻላል።