ብራውን ያዳመጠው፣ ስሚዝ ያልሰማው

ኮሌጅ ስትገቡ፣ በተለይ ሥነ ጽሑፍ የምታጠኑ ከሆነ፣ የናይጄሪያዊው ቺኑዋ አቼቤ ልብ ወለድ «ቲንግስ ፎል አፓርት» ሊያጋጥማችሁ ይችላል። «ሚሲዮናውያንን የሚነቅፍ መጽሐፍ ነው» ብላችሁ ሳትጀምሩት እንዳትዘጉት አደራ።

መጽሐፉ ራሱ ከኮሌጅ ክፍል የተወለደ ነው ማለት ይቻላል። አቼቤ በኢባዳን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲማር፣ ጆይስ ኬሪ ስለ ናይጄሪያ የጻፈው «ሚስተር ጆንሰን» ለትምህርት ቀረበላቸው። ተማሪዎቹ በዚያ ልብ ወለድ ውስጥ ራሳቸውን አላገኙም። አቼቤ በ1958 እ.ኤ.አ. በራሱ ልብ ወለድ መለሰ። እርሱም የወንጌል አስተማሪ ልጅ ነበር።

በታሪኩ ሁለት ሚሲዮናውያን አሉ። ሚስተር ብራውን ከአገር ሽማግሌው ከአኩና ጋር ቁጭ ብሎ ስለ እግዚአብሔር ይወያያል። አንዱ ሌላውን ባያሳምንም፣ ብራውን ሕዝቡ ምን እንደሚያምን ተማረ። እርሱን የተካው ሬቨረንድ ስሚዝ ግን ማዳመጥን እንደ ድካም ቆጠረው። በእርሱ ዘመን ጸቡ ከርሮ ብራውን ያሠራው ቤተ ክርስቲያን ዐመድ ሆነ።

አቼቤ የኢግቦን ባህል ነውርም አይሸፍንም። መንትያ ሕፃናት ጫካ ይጣላሉ፤ ኢኬሜፉና አባቴ በሚለው በኦኮንክዎ እጅ ይገደላል። የኦኮንክዎ ልጅ ንዎዬ በዚህ ሁሉ ልቡ ቆስሎ ነበርና መዝሙሩን ሲሰማ ዕረፍት አገኘ። ባህልን ማክበር ማለት ሁሉን ማጽደቅ አይደለም፤ ወንጌልም የሚጠቅመው የሰውን ቁስል ሲያገኝ ነው።

ቅሬታዬ አንድ ነው። ንዎዬ ይስሐቅ ተብሎ ወደ መምህራን ማሠልጠኛ ከሄደ በኋላ ከታሪኩ ይርቃል። ኢግቦም ክርስቲያንም ሆኖ እንዴት እንደኖረ ከልቡ ብንሰማ ምንኛ በጠቀመን!

በመጨረሻው ገጽ እንግሊዛዊው ገዥ የኦኮንክዎን ሕይወት ሊጽፈው ባሰበው መጽሐፍ አንድ አንቀጽ ይበቃዋል ይላል። እኛስ? ከሩቅ ክልል የመጣውን፣ ቋንቋው የተለየውን የዶርም ጓደኛችንን በስንት ቃል ጨረስነው? «እነርሱ እንዲህ ናቸው» ካልን ከአንድ አንቀጽም አሳንሰነዋል።

ጳውሎስ በአቴና ከመናገሩ በፊት ከተማዋን ዞሮ አይቷል፤ ስብከቱንም የጀመረው ካየው መሠዊያ ነው። እናንተም በዚህ ሳምንት አንድ የዶርም ጓደኛችሁን ስለ አገሩ ጠይቁት፤ ሳታቋርጡትም አዳምጡት።