441 ግራም

ደብዳቤው አምስት ገጽ ነው። አራቱ በእንግሊዝኛ፣ አምስተኛው በሁሉም ቋንቋ። እዚያ አምስተኛው ገጽ ላይ፣ ከስፓኒሽና ከቻይንኛ ቀጥሎ፣ አንዲት የአማርኛ ዓረፍተ ነገር አለች፤ አማርኛ ተናጋሪ ከሆኑ የትርጉም እርዳታ በነጻ ያገኛሉ የምትል። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የሚኖር ሐበሻ ሁሉ ያውቃታል። ከሆስፒታልም ትመጣለች፣ ከኢንሹራንስም ትመጣለች፤ ብዙ ጊዜ ከነፊደል ግድፈቷ።

ደብዳቤውን ያመጡልኝ እትዬ ናቸው (ስማቸውን አልጽፍም፣ እኔም ከዚህ ውጪ ጠርቻቸው አላውቅም)። ጣታቸውን እዚያች መስመር ላይ አድርገው «ይኸው አማርኛም አለው፤ በይ አንብቢልኝ» አሉኝ። የቀሩት አራት ገጾች የሚሉት ባጭሩ ይኼ ነው፦ ጡት ለማሳነስ የጠየቁት ቀዶ ሕክምና ለጤና አስፈላጊ ሆኖ ስላልተገኘ የጤና መድንዎ አይሸፍነውም።

ይህ ጽሑፍ የዚያ ደብዳቤ ሂስ ነው። የምሬን ነው። ልብ ወለድ ላይ፣ ግጥም ላይ፣ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ሂስ እንጽፋለን፤ ከእነዚህ ውስጥ የአንድ ሰው ትከሻ ላይ የሚወስን ግን የለም። ይኼኛው ወስኗል።

ደራሲው ማን ነው? አይታወቅም። ግሦቹ ሁሉ ባለቤት የላቸውም፦ ተገምግሟል፣ ታይቷል፣ ሆኖ አልተገኘም። አገር ቤት ከቀበሌ ወረቀት ጋር ላደገ ሰው ዘይቤው እንግዳ አይደለም። እትዬም እንግዳ አይደሉም። እሳቸው ግን አንቀጹ ውስጥ በቁጥር ነው የገቡት። ቀዶ ሕክምናው 19318 ነው፤ ሕመማቸው ኤን 62፣ ማለትም የጡት ከመጠን በላይ ማደግ። ከቁጥሮቹ ቀጥሎ ሦስት ምክንያቶች ተደርድረዋል። አንደኛ፣ ከእያንዳንዱ ጡት ይወጣል ተብሎ የተገመተው ክብደት ከሚፈለገው በታች ነው። ሁለተኛ፣ የሕክምና መዝገቡ የማያቋርጥ ሕመም አያሳይም። ሦስተኛ፣ ከቀዶ ሕክምና በፊት ሌሎች መፍትሔዎች በበቂ ሁኔታ አልተሞከሩም።

የመጀመሪያው ላይ ልቆይ፤ ምክንያቱም የደብዳቤው እውነተኛ ደራሲ እዚያ ተደብቋል።

ብዙ የአሜሪካ መድን ድርጅቶች የሚጠቀሙበት አንድ ሠንጠረዥ አለ፤ የሽኑር መለኪያ ይባላል። ቁመትሽና ክብደትሽ ተደምሮ ተባዝቶ የሰውነትሽ የገጽ ስፋት በሜትር ካሬ ይወጣል፤ ከጎኑ ሐኪሙ ከእያንዳንዱ ጡት ቢያንስ ስንት ግራም ማውጣት እንዳለበት ተጽፏል። እትዬ 162 ሴንቲሜትርና 72 ኪሎ ናቸው። 1.80 ሜትር ካሬ። ከጎኑ 441 ግራም። ሐኪማቸው የገመቱት 400 ነበር። የጎደለው 41 ግራም ነው፤ አንድ የአበሻ ዶሮ እንቁላል ቢሆን ነው። ለሁለት ጡት ሁለት እንቁላል።

ሠንጠረዡ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ፖል ሽኑር የተባሉ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ጥሩ ጥያቄ ይዘው ተነሡ፦ ጡት ማሳነስ ለውበት ነው ወይስ ለጤና? ጥያቄውን የላኩት ግን ለሴቶቹ አይደለም። ለቀዶ ሐኪሞች ነው። ሐኪሞቹ ያከሟቸውን ሴቶች ቁመት፣ ክብደትና የወጣላቸውን ግራም ሞሉ፤ ቀጥሎ ሴቲቱ ለምን እንደመጣች የመሰላቸውን ጻፉ። የመሰላቸውን! ከዚያ መስመር ተሰመረ። ሴቶቹን በወጣላቸው ግራም ከትንሽ ወደ ትልቅ ብንደረድራቸው፣ ከመቶ 22ኛዋ ላይ። ከእሷ በላይ ያሉት ለጤና የመጡ፣ ከ5ኛዋ በታች ያሉት ለውበት የመጡ፣ መሀል ያሉት ከሁለቱም የተደባለቀ ምክንያት ያላቸው። እንደ ጥናት አስተያየት ክፋት የለውም። መድን ድርጅቶች እጅ ሲገባ ግን መስመሩ በር ሆነ፤ መሀል ያሉትም ውጭ ቀሩ።

እንደ ሐያሲ የሚገርመኝ የሠንጠረዡ አመክንዮ ነው። እትዬ 80 ኪሎ ቢሆኑ የሚጠየቁት ወደ 527 ግራም ይወጣል። ማለት አንዲት ሴት በወፈረች ቁጥር ሸክሟ እየከበደ፣ መብቷ ግን እየራቀ ይሄዳል። ሐኪሙንም ያስቡት። በሽተኛው ላይ ተጎንብሶ የሚያስበው ምን ያህል ቢቀንስላት እንደሚበጃት ነው ወይስ ሚዛኑ ምን እንደሚል? የወጣው ሥጋ ወደ ላቦራቶሪ ሄዶ ይመዘናል፤ ቁጥሩም ይጻፋል። ልብስ ሰፊ እንኳ በኪሎ አይለካም።

ሌላ አማራጭ አልነበረም እንዳይባል፣ በ2002 ካሮሊን ኬሪጋንና ባልደረቦቻቸው ይህንኑ ጥያቄ ለሴቶቹ ራሳቸው አቀረቡ። ሰባት ምልክቶች ዘረዘሩ፦ የላይኛው ጀርባ ሕመም፣ የማጅራት ሕመም፣ የትከሻ ሕመም፣ የክንድ ሕመም፣ መደንዘዝ፣ ሽፍታ፣ የጡት መያዣ ማንጠልጠያ ትከሻ ላይ የሚቆፍረው ስርጉድ። ከሰባቱ ሁለቱ ሁልጊዜ ወይም አብዛኛውን ጊዜ ካሉ፣ ያ ለጤና አስፈላጊ ይባል አሉ። ግራም የለበትም። የዚሁ ቡድን ሌላ ጥናት ደግሞ ክብደት መቀነስ፣ ፊዚዮቴራፒ፣ ልዩ ጡት መያዣ ዘላቂ እፎይታ እንደማያመጡ አሳይቷል፤ ስለዚህ የደብዳቤውን ሦስተኛ ምክንያት በዚሁ አልፈዋለሁ። እትዬ ከሰባቱ አምስቱ አሉባቸው። ግን ደብዳቤው የሚያነበው የ1991ን ጽሑፍ ነው እንጂ የ2002ን አይደለም።

አሁን ሁለተኛው ምክንያት፤ ያንገበገበኝ እሱ ነው።

መዝገባቸውን አስመጣን። ውሳኔው የተመሠረተበትን ፋይል በነጻ የመጠየቅ መብት አለ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። የሦስት ዓመት ቀጠሮ ገልብጬ አነበብኩ። በየገጹ መጀመሪያ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይደጋገማል፦ ታካሚዋ ደህና እንደሆኑ ተናግረዋል።

በእርግጥም ተናግረዋል። ሐኪሙ እንዴት ነዎት ሲላቸው፣ ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን ይላሉ። ምን ሊሉ ኖሯል? በአማርኛ ደህና ነኝ የሰላምታ መልስ ነው፤ የምርመራ ውጤት አይደለም። እኛ ዘንድ ሕመም ከተመስገን በኋላ ነው የሚመጣው፤ ያውም ከወንበር ሲነሡ፣ ቦርሳ ሲነሣ፣ በር ላይ ሲደረስ፦ «ይቺ ማጅራቴ ናት እንጂ ምንም አልልም።» ሕመሙ ያለው «እንጂ» ውስጥ ነው። በስልክ የሚያስተረጉመው ሰው እዚያ ሲደርስ መስመሩ ተዘግቷል፣ ሐኪሙም የሚቀጥለው ክፍል ገብቷል።

አንድ ቦታ ላይ ከአስር ስንት ያምዎታል ተብለው ተጠይቀዋል። መዝገቡ 5 ይላል። እትዬን ጠየቅኋቸው። «እኔማ ሥራ የዋልኩበት ቀን ነው ወይስ እሑድ? ብዬ ነው የጠየቅሁት» አሉኝ። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የሚሠሩት፤ ሰው ሲያነሱ፣ ሲያገላብጡ ነው የሚውሉት። ጥያቄያቸው ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። መልስ ያገኘው አማካዩ ብቻ ነው።

ይግባኙን የጻፍነው እኔ ማእድ ቤት ነው። ደብዳቤው ከደረሰ በኋላ 180 ቀን አለ፤ ያ ካልሆነ ደግሞ ከድርጅቱ ውጪ ያለ ገለልተኛ ገምጋሚ ይጠየቃል። አዲስ አበባ ፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግተው የሚቀመጡትን ማመልከቻ ጸሐፊዎች አስታወስኩ። ሰው የሆዱን ሲነግራቸው በግማሽ ጆሮ ይሰማሉ፤ የሚጽፉት ዳኛው የሚሰማውን ነው። እኔም እንደዚያው ሆንኩ።

የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገራቸው ይሄ ነበር፦ «ከአስራ አምስት ዓመቴ ጀምሮ ነጠላዬን ደረቴ ላይ ደርቤ ነው የምሄደው።» ሰረዝኩት። ሐፍረት ያለበት ዓረፍተ ነገር ውበት ወደሚለው መዝገብ ይገባል። ሁለተኛው የወንድማቸው ልጅ ሠርግ ላይ ሁሉም ለእስክስታ ሲነሣ እሳቸው ተቀምጠው ማጨብጨባቸው ነው። ትከሻቸው እምቢ ብሎ። ይሄንንም ሰረዝኩት፤ «ጭፈራ አማረኝ ብላ ነው ይሉናል እትዬ» ብዬ።

«እና ምን ቀረ?» አሉኝ።

የቀረው ይሄ ነው፦ በሳምንት ስንት ሰዓት ቆመው እንደሚሠሩ፤ በቀን ስንት ጊዜ የሕመም ማስታገሻ እንደሚወስዱ፤ ከጡታቸው ሥር በየክረምቱም በየበጋውም የሚላላጠው ቆዳና የታዘዘለት ቅባት፤ ትከሻቸው ላይ ጣት የሚያስቀምጠው ስርጉድ። የዋናው ሐኪማቸው አዲስ ደብዳቤ፤ «ደህና ነኝ» የሚለው ሰላምታ መሆኑን በአንድ አንቀጽ የሚያስረዳ (ይሄን አንቀጽ ለማስጻፍ የለመንኩትን ልመና አልናገርም)። እና ፎቶግራፎቹ። ከፊት፣ ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከአንገት በታች። እትዬ ፎቶ ሲነሡ ራስ የሌለው ፎቶ ስለሆነ ተጽናኑ። እኔ ግን የሰው ትከሻ ለመዳኘት ፊቱን ማጥፋት ግዴታ የሆነበትን ድርሰት ሌላ ቦታ አንብቤ አላውቅም።

ዛሬ ሳስበው የእስክስታውን ዓረፍተ ነገር መሰረዜ ስሕተት ነበር። ከጻፍነው ሁሉ የተሻለው ማስረጃ እሱ ነበር። ትከሻ የሚሠራውን ሥራ የሚያውቅ ሰው፣ ትከሻ ሲያቅተው ምን እንደሚሆን ከእሱ የበለጠ የሚነግረው ቁጥር የለም። ግን አንባቢያችን ትከሻ የሚያውቅ አልመሰለኝም። የዚህ ዓይነት ጽሑፍ ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው፤ ማንም ሳይከለክልሽ አንቺው ራስሽ ትሰርዢያለሽ።

ውበትና ጤና የሚባሉት ሁለት ክፍሎች ደግሞ እንደሚመስሉት በግንብ የተለያዩ አይደሉም። በ1998 የወጣው የሴቶች የጤናና የካንሰር መብቶች ሕግ፣ በካንሰር ምክንያት ጡት ማስወገድን የሚሸፍን መድን ጡቱን መልሶ መሥራትንም እንዲሸፍን ያስገድዳል። ሁለቱ እንዲመጣጠኑ ጤነኛውን ጡት ማሳነስ ካስፈለገም ይሸፍናል። ጤነኛውን! ግራም አይቆጠርም። ሕጉ ትክክል ነው፤ ማንም እንዲነካው አልፈልግም። ግን አንድ ነገር ያምናል፦ መልክ፣ ሚዛን፣ ልብስ ለብሶ ሰው ፊት መቆም የጤና አካል ነው። ይሄን ከካንሰር በኋላ የሚያምን ሕግ ያለበት አገር፣ እትዬ ላይ ሲደርስ ቃሉን እንደ ነውር ያስሰርዘኛል።

መልሱ በሰባተኛው ሳምንት መጣ። ሁለት ገጽ ነው። ጥያቄዎ ተፈቅዷል ይላል፤ የፈቃድ ቁጥር አለው፣ የሚያበቃበት ቀን አለው። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ለምን እንደፈቀዱ ይላል?»

«አይልም።»

«41ዱ ግራምስ?»

«እሱንም አያነሣም።»

«ለመከልከል አራት ገጽ ጽፈው» አሉና ሁለተኛውን ገጽ ገለበጡ። አማርኛዋን ራሳቸው ጮክ ብለው አነበቧት፤ ከዚያ እርሳስ አንስተው ግድፈቷን አረሙ።