የወገብ ዕዳ

ወደ ክፍሌ ከሚመጡት ብዙዎቹ የሚያነሡት ወገባቸውን ነው። «ኮች፣ ወገቤን ቀስፎ ያዘኝ» ይሉኛል። እኔ ግን አስቀድሜ የማየው ዳሌያቸውን ነው። ከታችኛው አከርካሪ ተነሥቶ በዳሌ ፊት በኩል አልፎ የጭን አጥንት ላይ የሚያርፍ ጥልቅ ጡንቻ አለ። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚውል ሰው ይህን ጡንቻ አሳጥሮ ያውለዋል፤ የመቀመጫው ጡንቻ ደግሞ ሥራ ፈትቶ ይሰንፋል። ሰውየው ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሁለቱን ዕዳ የሚከፍለው ወገብ ነው። ስለዚህ የሚያመውን ቦታ ብቻ ይዞ መጎተት ብዙም አያራምድም።

የማስተምረው ሳያቋርጡ መላ ሰውነትን ማሳሳብ ነው። አንድ አቋም ይዞ መቁጠር የለም፤ ክንድ ወደ ላይ ሲዘረጋ ተረከዝ መሬቱን ይገፋል፣ ጎን ይከፈታል፣ እጁ ሳይቆም ዞሮ ወደ ተቃራኒው ጉልበት ይወርዳል። በዚህ መንገድ ከታወቁት አንዷ ካናዳዊቷ የቀድሞ የባሌት ዳንሰኛ ሚራንዳ ኤስሞንድ-ዋይት ናት። «ክላሲካል ስትሬች» የተባለው የቴሌቪዥን ፕሮግራሟ በ1999 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ሲሆን፣ አሠራሯ ከባሌት፣ ከታይ ቺና ከፊዚዮቴራፒ የተቀዳ ነው።

ጡንቻ የሚሠራው ሲኮማተር ብቻ ይመስለናል። ውኃ የሞላ ባልዲ ቀስ ብለን መሬት ስናስቀምጥ ግን የክንዳችን የፊት ጡንቻ እየተዘረጋ ክብደት ይሸከማል። በክፍሌ ውስጥ ክብደቱ የራስ ክንድና የራስ እግር ነው። ቀላል ይመስላል። ብረት ማንሣት የለመዱ ጎረምሶች መጀመሪያ ይስቃሉ፤ ክንዳቸውን በትከሻ ልክ ዘርግተው ሙዚቃው እስኪያልቅ ቀስ እያሉ ሲያዞሩ ግን ሳቁ ያበቃል።

እየነጠሩ የእግርን ጣት ለመንካት መታገልን አጥብቄ እከለክላለሁ። ጡንቻ ውስጥ የመወጠሩን ፍጥነት የሚለኩ ሕዋሳት አሉ፤ ድንገት ሲጎተት መልሰው ያኮማትሩታል። ረጅም ጊዜ ቆሞ መያዝም ቦታ አለው፤ ሩጫ ወይም ዝላይ ሊጀምሩ ሲሉ ከአንድ ደቂቃ በላይ ወጥሮ መያዝ ግን ለጊዜው ጉልበት ይቀንሳል። አትሌቶቻችን ሲያፍታቱ ያየ ሰው ይህን ያስተውላል፤ ተሰልፈው በአንድ ምት እግር ያወዛውዛሉ እንጂ እንደ ሐውልት አይቆሙም።

በሙያችን የሚነገር አንድ ወሬ ደግሞ አይዋጥልኝም፦ በማሳሳብ ጡንቻ ረጅምና ቀጭን ይሆናል የሚለው። ጡንቻ የሚነሣበትና የሚያርፍበት አጥንት ቦታውን አይቀይርም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰው ይበልጥ የሚታጠፈው በአብዛኛው ነርቩ መወጠርን መታገሥ ስለሚለምድ ነው። ይህም ትንሽ ነገር አይደለም፤ ሰውነት ፍርሃቱን ሲለቅ መላው አካሄድ ይቀየራል።

አንድ የሚኒባስ ሾፌር ተማሪ አሉኝ። ግራ ክንዳቸው መስኮት ላይ፣ ቀኛቸው ማርሽ ላይ፣ ግራ እግራቸው ፍሪሲዮን ላይ ነው የሚውለው። ሁለቱን እጆች አንሡ ስል የግራ ትከሻቸው ጆሮአቸው ሥር ገብቶ ይቀራል፤ የጎድን አጥንታቸውም ወደ ፊት ይወጣል። «ጋሼ፣ ክንድዎ ይውጣ፣ ትከሻዎ ይውረድ» አልኳቸው። «አንተ ልጅ፣ ክንዴ ትከሻዬን ትቶ የት ይሄዳል?» አሉኝ። ልክ ናቸው፤ ትእዛዜ አልረዳቸውም። ክብደታቸውን ወደ ቀኝ እግር አድርገው በግራ እጃቸው ወደ ሰያፍ፣ ከራሳቸው ወዲያ ያለ ነገር እንደሚቀበሉ ሆነው እንዲዘረጉ ስነግራቸው ትከሻው በራሱ ጊዜ ወረደ። የተኮማተረውን ጎን ብቻ አላሠራኋቸውም፤ ሰነፉም አብሮ መንቃት አለበት።

ሌላም አለ። የመገጣጠሚያ ልስልስ አጥንት የራሱ የደም ሥር የለውም፤ የሚመገበው ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ነው፣ ፈሳሹንም የሚያዘዋውርለት እንቅስቃሴ ነው። ይህን ስል ስግደት ስፖርት ነው ማለቴ አይደለም፤ ዕድሜ ልካቸውን ሲሰግዱና ዱካ ላይ ሲቀመጡ የኖሩ እናቶች ግን ከምንጣፍ ሲነሡ ወንበር ላይ የሚውሉ የባንክ ሠራተኞችን ያስንቃሉ።

ሙዚቃውን ፈጣን አድርግልን የሚሉኝ አሉ። እምቢ እላለሁ። ሲፈጥን ክንዱን የሚወረውረው ግፊቱ ነው፤ ጡንቻው ያርፋል፣ ትንፋሽም ይቆረጣል። በሰርግ ሰሞን ለሚመጡት ብቻ አንዳንዴ እሸነፋለሁ።