የሕፃኑን መገኛ የሚናገር ጋሪ፤ ከቀወት ቆላ ሲመዘን

የሕክምና መጽሔት ስለ ሕፃን ጋሪ ሒስ ማቅረቡ ለአንዳንድ አንባቢያን እንግዳ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ለሕፃናት ደኅንነት ይበጃል ተብሎ የሚሸጥ ዕቃ ሁሉ፣ መድኃኒት ባይሆንም፣ ከጤና ባለሙያ ምርመራ ሊያመልጥ አይገባውም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በበለጸጉት አገሮች ገበያ ላይ የዋለውና የመገኛ ጠቋሚ መሣሪያ የተገጠመለት የሕፃን ጋሪ ከእነዚህ ዕቃዎች አንዱ ነው። ወላጅ በሞባይል ስልኩ ካርታ ላይ ጋሪው የት እንዳለ ያያል፤ ጋሪው ከቦታው ሲንቀሳቀስ ስልኩ ይጮኻል። አንዳንዱ አምራች መሣሪያውን ከጋሪው አካል ጋር አብሮ ይሠራዋል። ብዙ ወላጅ ደግሞ ለብቻው የሚሸጠውን ትንሽ ጠቋሚ ገዝቶ በጋሪው ኪስ ውስጥ ይሸሽገዋል።

ይህ ለቀወት ምኑ ነው? በእኛ ዘንድ ጋሪ ሲባል ፈረስ ወይም አህያ የሚስበው ነው፤ ሕፃን በጀርባ ይታዘላል እንጂ በጋሪ አይገፋም። ሆኖም ዛሬ ውጭ አገር ዘመድ የሌለው ቤተሰብ ጥቂት ነው፤ ዕቃውም በሻንጣ ይመጣል። ዕቃው ባይመጣ እንኳ «ልጄ የት እንዳለ መሣሪያ ይነግረኛል» የሚለው ሐሳብ ከዕቃው ቀድሞ ይደርሳል። ስለዚህ አስቀድሞ መመዘኑ አይከፋም።

ጋሪው ከየት መጣ?

ለሕፃን ተብሎ የተሠራ ጋሪ ታሪክ ሲነሣ በብዛት የሚጠቀሰው እንግሊዛዊው የሥነ ሕንፃ ባለሙያ ዊሊያም ኬንት እ.ኤ.አ. በ1733 ለዴቮንሻየር መስፍን ልጆች የሠራው ነው። የሚስበውም ፍየል ወይም ትንሽ ፈረስ ነበር። የመኳንንት መጫወቻ የነበረው ዕቃ ወደ ተራው ሕዝብ ቤት የወረደው ኋላ ላይ፣ ከተሞች ሰፍተው የተነጠፈ የእግረኛ መንገድ ሲበዛ ነው። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ጋሪ የመንገድ ልጅ ነው። ለስላሳ መንገድ በሌለበት ጋሪ ሸክም እንጂ ረዳት አይሆንም።

በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኝነት ቶጎ ውስጥ ያገለገለችው አሜሪካዊት ነርስ አን ሙር፣ የአገሩ እናቶች ልጆቻቸውን በጨርቅ አዝለው ሲሄዱ አይታ፣ አገሯ ስትመለስ «ስናግሊ» የተባለውን የሕፃን ማዘያ አዘጋጀች፤ በ1969ም የፈጠራ መብት አገኘችበት። እንግዲህ አንዲት የሙያ አጋራችን ከአፍሪካ እናት ጀርባ የተማረችውን ለምዕራቡ ዓለም ስታስተምር፣ እኛ ደግሞ የምዕራቡን ጋሪ በናፍቆት የምንጠብቅ ከሆነ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባናል።

መሣሪያው እንዴት ይሠራል?

ጠቋሚው በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛው ጂፒኤስ ነው። መሣሪያው ቢያንስ ከአራት ሳተላይቶች ምልክት ተቀብሎ ያለበትን ቦታ ያሰላል፤ ከዚያም ስሌቱን በሲም ካርድና በሞባይል መረብ አማካይነት ወደ ወላጁ ስልክ ይልካል። ሁለተኛው ብሉቱዝ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 ገበያ ላይ የዋለው የአፕል ኤርታግ የዚህ ምሳሌ ሲሆን፣ ራሱ ሳተላይት አያነብም፤ በአቅራቢያው የሚያልፉ የሌሎች ሰዎች የአፕል መሣሪያዎች ሲያገኙት ቦታውን ያስተላልፉለታል። አምራቹ ራሱ መሣሪያው ዕቃን ለመፈለግ እንጂ ሰውን ለመከታተል እንዳልተሠራ በይፋ ተናግሯል።

አሁን ይህን ጋሪ በሐሳባችን ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደሴ መንገድ ላይ በምትገኘው ሸዋ ሮቢት እናውርደው። ሰማዩ ክፍት ስለሆነ የሳተላይቱ ምልክት አይቸግርም። የሚቸግረው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ብሉቱዙ አፋልጉኝ የሚላቸው ውድ ስልኮች በቆላው ቀበሌዎች ስንት ናቸው? ሲም ካርድ የሚጠቀመውስ መረቡ ሲጠፋ ምን ይሆናል? በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። መሣሪያው ወላጅን ያረጋጋል የሚባለው በጭንቅ ቀን ነው፤ በጭንቅ ቀን ግን መጀመሪያ የሚጠፋው መረቡ ነው።

መሠረታዊው ጉድለት ግን ከመረቡም ይልቃል። ጠቋሚው የሚያውቀው ጋሪውን ነው፤ ሕፃኑን አያውቅም። ከጋሪው ወርዶ ወደ አስፋልቱ የሚድኸውን፣ በክረምት ወደሞላው ሮቢ ወንዝ የሚያዘግመውን፣ በሰው እጅ ተወስዶ ባዶ ጋሪ የተወለትን ልጅ ካርታው «በቦታው አለ» ይለዋል። ጋሪው በቦታው ስለሆነ ማለት ነው። ሰው በተጨናነቀበት ገበያም የጥቂት ሜትር ስሕተት በመካከል ብዙ ሰው የሚያቆም ርቀት ነው። ወላጅ ዓይኑን ከልጁ አንሥቶ ወደ ስልኩ ካደረገ ደግሞ የተሸጠለት ጥበቃ ሳይሆን መዘናጋት ነው።

የማይነገሩት ጉዳቶች

ከእነዚህ ጠቋሚዎች ብዙዎቹ የሚሠሩት በአዝራር ባትሪ ነው። ኤርታግ የሚጠቀመው 2032 የሚባለው ባትሪ ወርዱ 20 ሚሊ ሜትር ነው፤ በሕፃን የምግብ ቧንቧ ውስጥ ለመቀርቀር የተመቸ መጠን ነው። ተቀርቅሮ ሲቀር ኤሌክትሪኩ በአካባቢው ኃይለኛ አልካሊ ስለሚፈጥር በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ሊያደርስ፣ ኋላም ቧንቧውን ሊበሳና ታላላቅ የደም ሥሮችን ሊጎዳ ይችላል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 በዚህ ባትሪ ላይ ልዩ ሕግ ያወጣችው አንዲት ሕፃን ከሞተች በኋላ ነው። እንግዲህ ልጅን ለመጠበቅ የተገዛው ዕቃ ልጅን የሚገድል ነገር በሆዱ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

በጤና ጣቢያ ለምንሠራ ሰዎች ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ባትሪው በሰዓት፣ በመጫወቻና በሪሞት መቆጣጠሪያም ውስጥ አለ። በድንገት ምራቁ የሚዝረበረብ፣ መዋጥ የተሳነው ወይም ያለ ጉንፋን የሚያስል ሕፃን ሲመጣ ባትሪን እናስብ። በራጅ ፊልም ላይ ከሳንቲም የሚለየው በጠርዙ ዙሪያ በሚታየው ድርብ ክብ ነው። ማስታወክ አይገባም። ዕድሜው ከ12 ወር በላይ ለሆነና ባትሪውን ከዋጠ 12 ሰዓት ላልሞላው፣ መዋጥ ለሚችል ልጅ፣ በጉዞ ላይ ሳለ በየ10 ደቂቃው 10 ሚሊ ሊትር ማር እስከ 6 ጊዜ መስጠት ጉዳቱን ሊያዘገይ ይችላል፤ ነገር ግን ማሩ ሪፈራሉን ለደቂቃም ማዘግየት የለበትም። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር በቦቱሊዝም ሥጋት ምክንያት አይሰጥም።

ሁለተኛው ጉዳት ሙቀት ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ በሆነው በዚህ ቆላ፣ ፀሐይ እንዳትመታው ተብሎ በደረቅ ጨርቅ የተሸፈነ ጋሪ አየር ስለማይዘዋወርበት ውስጡ ከውጭው ይብሳል። ጠቋሚው ይህን አይናገርም፤ ጋሪው ጥላ ሥር ይሁን እንደ ምጣድ በጋለ ሥፍራ ይሁን ካርታው ላይ ያው አንድ ነጥብ ነው።

ሦስተኛው የመተማመኛ ስሜት ነው። የሕፃንን ልብ ምትና ኦክስጅን በቤት ውስጥ የሚለካ ካልሲ የሚሸጠውን ኩባንያ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2021 በደብዳቤ አስጠንቅቆታል፤ የተሻሻለ ምርቱ ፈቃድ ያገኘው በ2023 ነው። የአሜሪካ ሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም በ2022 ባወጣው መመሪያ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ድንገተኛ የሕፃናት ሞትን ይከላከላሉ ብሎ መታመንን አልደገፈም። የሚለካ ነገር ሁሉ የሚጠበቅ ነገር አይደለም።

ፍርሃቱ ግን እውነት ነው

ሒስ ማለት ማጥላላት አይደለምና፣ ይህን ጋሪ ያስገዛው ፍርሃት ከንቱ ነው አንልም። ልጅ ይጠፋል። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ወር ሸዋ ሮቢት በጦርነቱ ተይዛ ወሩ ሳያልቅ በመንግሥት ኃይሎች እጅ ስትመለስ፣ ከዚያ ቀደም ብሎም በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፣ የሸሸው ሕዝብ በእግሩ ነበር የወጣው። በእንዲህ ያለ ሽሽት ላይ ያለች እናት «ልጄ የት ነው?» ብትል ቅንጦት አይደለም። ጥያቄው የእኛም ነው። የምንተቸው መልሱን ነው።

በዚያ ቀን ልጅን ከወላጁ የሚያገናኘው ምንድን ነው? ስሙንና የወላጁን ስም የሚያውቅ ሰው፣ ተጽፎ የተቀመጠ መዝገብ፣ በኪሱ ያለ የክትባት ካርድ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው ግን ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበው 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 የተደነገገው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ስለሆነ፣ ቁጥሩ የመነሻውን ድኽነት የሚያሳይ ነው። በዚያው ጥናት ከ12 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ የወሰዱት 39 በመቶ ነበሩ፤ በ2019 በተደረገው አነስተኛ ጥናት ወደ 43 በመቶ ከፍ ብሏል። በሌላ አነጋገር፣ ሳተላይት የሚፈልገው ልጅ ሳይወለድ፣ መዝገብ የጠፋበት ልጅ በብዛት አለን።

በአገራችን ልጅን የመከታተል ሥራ የሚሠራው መሣሪያ ሰው ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ያፈራት ባለሙያ የቤተሰብ ማህደሯን ይዛ በየደጁ ስትዞር፣ ሕፃኑ የት እንዳለ ብቻ ሳይሆን ምን እንደጎደለውም ታውቃለች። ሦስተኛውን ክትባት ያቋረጠውን፣ ክንዱ የሳሳውን፣ አጎበር የሌለውን ትለያለች። ወባ በሚነሣበት ቆላ «ልጁ የት ተኛ?» የሚለው ጥያቄ መልሱ አጎበር ሥር ወይም ከአጎበር ውጭ እንጂ በካርታ ላይ ያለ ነጥብ አይደለም።

የእናት ጀርባና ደረት

ከሁሉ የቀረበው መከታተያ ደግሞ ገላ ነው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በዶክተር ቦጋለ ወርቁና በአሳዬ ካሴ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2005 በጆርናል ኦቭ ትሮፒካል ፔዲያትሪክስ የታተመው ምርምር፣ ዝቅተኛ ክብደት ካላቸው 123 ጨቅላዎች መካከል ወዲያው በእናታቸው ደረት ላይ በካንጋሮ እንክብካቤ ከተያዙት 22.5 በመቶ ሲሞቱ፣ በተለመደው መንገድ ከተያዙት 38 በመቶ እንደሞቱ አሳይቷል። ጋናን፣ ህንድን፣ ማላዊን፣ ናይጄሪያንና ታንዛንያን ያካተተው ሰፊ ጥናት በ2021 ተመሳሳይ አቅጣጫ ያለው ውጤት አቅርቧል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 ይህንኑ እንክብካቤ ከወሊድ በኋላ ወዲያው እንዲጀመር መክሯል። መሣሪያ ባልተገዛበት፣ ባትሪ ባልተሞላበት፣ የእናት ደረት ብቻ በተጠየቀበት ሥራ ይህን ያህል ነፍስ ተርፏል።

ይህን ስንል አንቀልባን ከነጉድለቱ እናወድስ ማለታችን አይደለም። በዛጎልና በጨሌ ያጌጠው ቆዳ ሕፃኑን እግሮቹን ከፍቶ ስለሚይዘው ለዳሌው መገጣጠሚያ መልካም ነው፤ እናትም ትንፋሹን ትሰማለች። ነገር ግን እናት ልጇን አዝላ ምድጃ ላይ ስታጎነብስ ጭሱም የፈላው ውኃም ለእርሱ ቅርብ ነው። በቀን ሙቀት ማሾ ስትለቅም የታዘለው ሕፃን ላቡ ይፈስሳል፤ ፊቱ በነጠላ ከተሸፈነ አየር ያጥረዋል። ገና አጥንቷ ያልጠና እኅት ታናሽዋን ስታዝልም ሁለት ሕፃናት እንደሚጎዱ እናውቃለን። ምክራችን ለእነዚህ መሆን ይገባዋል።

የመጨረሻ ነጥብ፦ የልጁ መንገድ የማን ነው?

ጠቋሚው ለወላጅ ብቻ አይናገርም። ቤተሰቡ በየቀኑ የት እንደሚውል፣ መቼ ከቤት እንደሚወጣ በአምራቹ ኮምፒዩተር ሊከማች ይችላል። ለወላጅ የሚያሳይ ካርታ በመጥፎ እጅ ሲገባ ለአዳኝም ያሳያል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ለዚህ መነሻ የሚሆን ሕግ ነው፤ የሕፃን የዕለት መንገድ ግን በአዋጅ ብቻ ሳይሆን በወላጅ ማስተዋልም መጠበቅ አለበት።

ስለዚህ አንዲት እናት ከውጭ የተላከላትን ጋሪ ይዛ ስለ ጠቋሚው ብትጠይቀን አናሳፍራት። የባትሪው ክዳን በቡሎን የታሰረ መሆኑን አብረን እንይላት፤ ጋሪው ሌባ ቢሰርቀው ይገኝላት ይሆናል እንበላት። ከዚያ በኋላ የእኛን ጥያቄ እንጠይቃት፦ ልጁ ተመዝግቧል? የልደት ማሳወቂያውን ከጤና ተቋሙ ወስዳለች? የክትባት ካርዱ የት ነው? ማታ አጎበር ሥር ይተኛል? ለእነዚህ መልስ ካለ ልጁ አልጠፋም። መልስ ከሌለ ግን ጋሪው የት እንዳለ ብናውቅም፣ ልጁን ገና መፈለግ አልጀመርንም።