ዳሽቦርዱና እንጨቱ

እኔ የምለው፣ "ዳሽቦርድ" የሚሉት ነገር ከመኪና ወርዶ ቢሮ የገባው መቼ ነው? እኛ የምናውቀው ዳሽቦርድ የአይሱዙ ሹፌር ፊት ለፊት ያለው ነበር። ነዳጅ ቆጣሪው ከሞተ ዓመታት አልፈውታል። ሹፌራችን ታዲያ ታንከሩ ውስጥ እንጨት ይሰድና የረጠበውን በጣቱ ለክቶ፣ "ኮሶ በር ያደርሰናል" ይላል። ያደርሰንም ነበር። የዛሬው ዳሽቦርድ ግን የነጋዴውን ሽያጭ፣ ክምችትና ዱቤ በቀይና በአረንጓዴ እየከፋፈለ ኮምፒውተር ላይ የሚደረድር ነው። ሶፍትዌሩን "ቢዝነስ አናሊቲክስ" ይሉታል፤ እኛ የንግድ መረጃ መተንተኛ እንበለው።

ዳንግላ ላይ እህልና የቤት መሥሪያ ዕቃ የሚነግድ ወዳጅ አለኝ። ሻጮቹ መጥተው "ትርፍዎን ያሳድጋል፣ ኪሳራውን ሳይመጣ ይነግርዎታል" ብለውታል። "መምህር፣ ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?" አለኝ። ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው ስለዚህ ምን ያውቃል አትበሉ፤ የማያነብ ሰው መጽሐፍ ሲገዛ ብዙ አይቻለሁ። ደግሞም ነገሩ የጨዋታ አይደለም። ለሶፍትዌሩ፣ ለኮምፒውተሩና ለሥልጠናው የተጠየቀው ገንዘብ የሒሳብ ሠራተኛውን የአንድ ዓመት ደመወዝ ያህላል፤ ሁለቱን ልሸከም አልችልም ይላል። ስለዚህ ምርጫው ወይ ሶፍትዌሩ ወይ ልጅቷ ሆኗል ማለት ነው።

እስቲ ከዋጋው እንጀምር። በዓለም በስፋት ከሚሸጡት አንዱ የማይክሮሶፍቱ ፓወር ቢአይ ነው። ለአንድ ተጠቃሚ በወር 10 ዶላር ነበር፤ ከኤፕሪል 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 14 ሆኗል። በዓመት ከ120 ወደ 168 ዶላር መሆኑ ነው። ይሄ ለፈረንጁ ነጋዴ ጭማሪ ነው፤ ለእኛ ግን ሌላ ነገር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ደረሰ። ከዚያ በፊት ዓመቱን 6,840 ብር ይፈጅ የነበረው፣ ዶላሩን በ100 ብቻ ብናሰላው እንኳ (ከ100 በብዙ ከሸሸ ቆይቷል) 16,800 ብር ይሆናል። ሰውየው ያው አንድ ሰው፣ ገበታውም ያው ገበታ! ወዳጄ ጤፉን የሚሸጠው በብር ነው፤ ኪራዩን የሚከፍለው በዶላር ሊሆን ነው።

ይህም ሆኖ ፈቃዱ ከወጪው ሁሉ ትንሹ ነው። ትልቁ ወጪ ቁጥሩን የሚያስገባው እጅ ነው። የወዳጄን ደብተሮች አገላብጫቸዋለሁ። ሠርገኛ ጤፍ አንዱ ገጽ ላይ በንጉሡ ሠ፣ ሌላው ላይ በእሳቱ ሰ ተጽፏል። እኔና ባልደረቦቼ ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ አይቀነሱ እያልን ስንት ዓመት ተከራከርን! ኮምፒውተሩ ክርክራችንን አያውቅም፤ ሁለት ዓይነት ጤፍ አለ ብሎ ይደመድማል። አንዱ ሲያልቅ "ይገዛ" ይላል፣ ሌላው መጋዘን ሞልቶ ተኝቷል። ዱቤው ደግሞ ግማሹ ደብተር ላይ፣ ግማሹ በወዳጄ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ይህን ሁሉ አጥርቶ፣ አንድ ስም አንድ አጻጻፍ ሰጥቶ የሚያስገባ ሰው ያስፈልጋል። ማን ነው እሱ? ልትሰናበት የታሰበችው ልጅ ናታ!

በዚያ ላይ ገበታው ያለ ኢንተርኔት የማይከፈት ከሆነ፣ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ጠፍቶ መክረሙን ሻጩ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ላያስታውሰው ይችላል። ዳንግላ ግን ታስታውሳለች።

ወደ ጥቅሙ እንምጣ። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ፣ ነጋዴው መረጃ የለኝም ማለቱ ነው። በደንብ ቁጥር 139/1999 የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ግዴታ ከሆነ ወዲህ፣ ደረሰኝ የሚቆርጥ ሱቅ ሁሉ ማታ ማታ ዜድ ሪፖርት ያወጣል። የቀኑ ሽያጭ ስንት፣ ታክሱ ስንት፣ ሁሉም እዚያ አለ። መሣሪያውን የገዛው ነጋዴው ራሱ ነው። ታዲያ ያ ሪፖርት የት ይሄዳል? ምስማር ላይ ይሰካል። ምስማሩ ሲሞላ በላስቲክ ታስሮ ካርቶን ውስጥ ይገባል። መንግሥት ያነበዋል፤ ባለቤቱ አያነበውም። በገዛ ገንዘባችን ገዝተን ራሳችንን ለሌላ የምንተርክበት ዕቃ አድርገነዋል።

ፒችትሪንም አስታውሱ። በአገሩ ስሙ ሴጅ 50 ከሆነ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በእኛ የሥራ ማስታወቂያ ላይ ግን ዛሬም ፒችትሪ ነው። ስንቱ ወጣት በእሱ ሰርተፊኬት ሥራ አገኘ! ነገር ግን ስንቱ ሥራ አስኪያጅ ነው በመጋቢት ወር ከፍቶ "የትኛው ዕቃዬ ገንዘብ ይዞ ተኝቷል?" ብሎ የሚጠይቀው? ሰኔ 30 አልፎ የግብር ወቅት ሲመጣ አቧራው ይራገፋል፣ ሰነዱ ይወጣል፣ ከዚያ እስከ ከርሞ ደህና ሰንብት። በዚህ ልማድ ላይ ፓወር ቢአይን ብንጨምር የሚጨመረው ቀለም ነው።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት በአንድ ወቅት ቅደም ተከተሉን አውቆበት ነበር ባይ ነኝ። እ.ኤ.አ. እስከ 2008 ለ12 ዓመት ያህል በሃርቫርዱ ስቲቨን ፒተርሰን በተመራው የሒሳብ ማሻሻያ ሥራ፣ መጀመሪያ የበጀቱና የሒሳቡ አሠራር ተስተካከለ፣ የወረዳው ሠራተኛ የሁለትዮሽ አመዘጋገብ ሠለጠነ፤ አይቤክስ የተባለው ሶፍትዌር ይህን አሠራር ተከትሎ ተሠራ። ለወዳጄም ያልኩት ይህንኑ ነው። ልጅቷ ለሦስት ወር ዜድ ሪፖርቱንና ዱቤውን በኤክሴል ትመዝግብ። በየሳምንቱ አንድ ገጽ ይዛ ትቅረብ፤ አንተም አንብበህ አንድ ውሳኔ ለውጥ። በሦስት ወር አንድም ውሳኔ ካልቀየርክ፣ ችግሩ የሶፍትዌር አይደለም።

ትንበያውስ? "ኪሳራን አስቀድሞ ይነግራል" የሚለው? ከዳንግላ ወደ እንጅባራ ስትሄዱ አዲስ ቅዳምን ታልፋላችሁ። የፋግታ ለኮማ ገበሬ ከአውስትራሊያ የመጣውን ዲከረንስ ተክሎ፣ በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መሃል ጤፍ ዘርቶ፣ በ4 በ5 ዓመቱ ቆርጦ አክስሎ፣ መሬቱን መልሶ ያርስ ነበር። ከሰሉ አዲስ አበባ ድረስ ይጫን ነበር። የተጎዳውን መሬቱን ምርት፣ የማዳበሪያውን ዋጋ፣ የከተሜውን ምድጃ አሰናስሎ ይህን ስሌት የሠራው ያለ ኮምፒውተር ነው። ደግሞም አዋጥቶታል። በ2012 ዓ.ም. ግድም ግን ዋግ መሰል የፈንገስ በሽታ መጣና ዛፉን ያደርቀው ጀመር። ከዚያ በፊት ያለው ቁጥር ሁሉ "ትከል፣ ትከል" ነበር የሚለው። ምን ዓይነት ገበታ ቢኖር ያንኑ አስውቦ ከማሳየት አያልፍም ነበር። ገበሬው ዛፉ ሥር ሲሄድ ቅጠሉን አየ።

ይህን ስል ትንተና ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። በቀን ሚሊዮን ግብይት የሚያልፍበት ድርጅት ማንም በዓይኑ ሊያየው አይችልምና ማሽን ያስፈልገዋል፤ ወጪውም ተከፋፍሎ ይቀልለታል። ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሽን ባንክ ጋር በ2014 ዓ.ም. ቴሌብር መላን ሲጀምር፣ ያለ መያዣ ለማን ስንት እንደሚበደር የሚለየው በሰዉ የግብይት ታሪክ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ በደብተር አይሠራም።

እናም ወዳጄ ልግዛ አልግዛ ሲል፣ እሱ ራሱ ሲነበብ ከርሟል። ከደንበኛ በስልኩ የተቀበለው፣ ለጫኝ የላከው፣ ዘግይቶ የመለሰው ሁሉ ተመዝግቧል። ስልኩን ሲከፍት የብድር ጣሪያው በቁጥር ተጽፎ ይጠብቀዋል። ለምን ያን ያህል እንደሆነ አያውቅም፤ ከቁጥሩ ጋር ለመከራከር ቢፈልግ በእጁ ያለው መረጃ ምስማሩ ላይ የተሰካው ነው።